ሃይማኖት ግመል ላይ አይጫንም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጥንት የንግድ መንገዶች ያወጣችሁትን ፅሁፍ አነበብኩት፣ ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው ይህን የምፅፍላችሁ። ሐሩን፣ ቅመሙን፣ ወርቁን፣ ጨውን ሁሉ በደንብ ዘርዝራችሁ ስታበቁ ሃይማኖትና ባህልም «አብረው ተስፋፉ» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። እንዴት ነው የተስፋፉት? ሃይማኖት እኮ እንደ ጥቅል ሐር ግመል ላይ አይጫንም። እኔ እንደሚገባኝ ሲራራ ነጋዴ አገሩን ጥሎ ሲወጣ የሚያስጠጋው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው ወገን ይፈልጋል፣ ያን ወገን ደግሞ በየመንገዱ የሰጠው እምነት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው።)

በ1907 ኦረል ስታይን የሚባለው አሳሽ ቻይና ውስጥ ዱንሁዋንግ አጠገብ ካለ የጥንት መጠበቂያ ማማ ፍርስራሽ ውስጥ ለባለቤታቸው ሳይደርሱ የቀሩ ደብዳቤዎች አገኘ። የሶግዲያኖች ደብዳቤ ነው፣ የመካከለኛው እስያዋ የሳማርካንድ ከተማ ነጋዴዎች፣ 4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተፃፈ። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ የሚውናይ ናቸው፣ ባሏ ከነልጇ እዚያ በሰው አገር ትቷት የሄደ ሴት። ለእናቷ ስትፅፍ ልብስም ገንዘብም የለኝም፣ ብድር ብጠይቅ የሚሰጠኝ አጣሁ፣ ካህኑ በሚመፀውተኝ ነው የምኖረው ትላለች። እቺን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ሁሉም ፊቱን ሲያዞርባት እጁን የዘረጋላት ካህኑ ነው፣ ታዲያ እምነት በዚያ መንገድ ላይ ስር ሰደደ ቢባል ምኑ ይገርማል?

እዚያው ዱንሁዋንግ የሞጋኦ ዋሻዎች አሉ፣ የመጀመሪያው በ366 ተፈለፈለ ይባላል፣ 492 የሚሆኑት ውስጣቸው በቡዲስት ስዕል የተሸፈነ ነው። ዋሻ 45 ላይ ያለውን በፎቶ አይቼዋለሁ፣ ሽፍቶች ጎራዴ ይዘው ቆመዋል፣ ነጋዴዎቹ ሸቀጣቸው መሬት ላይ ተዘርግፎ እጃቸውን አጣምረው ይለምናሉ፣ አህዮቹ ከኋላ ቆመዋል። የሚለምኑት አቫሎኪቴሽቫራን ነው፣ ቡዲስቶች የርህራሄ ቅዱስ አድርገው የሚያዩትን። እሱ ደግሞ ከህንድ ሲነሳ በወንድ መልክ ነበር የሚሳለው፣ ቻይና ገብቶ ጓንዪን ተብሎ ከዘመናት በኋላ የሴት መልክ ያዘ፣ ዛሬም ህዝቡ እንደ ሩህሩህ እናት ነው የሚለምናት። እምነቱ ከደረሰበት ህዝብ ጋር እየኖረ ራሱም ይለወጣል ማለት ነው።

ፊደልም እንደዛው። ሶግዲያኖች ከአራማይክ የወሰዱትን ፊደል ኡይጉሮች ከነሱ ወሰዱ፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሞንጎሎች ከኡይጉሮች ተቀበሉት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይፃፍ የነበረው ፊደል በመንገድ ላይ ዞሮ ከላይ ወደ ታች ሆነ፣ አሁንም ይፃፍበታል። ሐሩን የለበሱት ነገስታት ስማቸው እንኳ የጠፋ ስንት አሉ፣ ፊደሉ ግን አለ።

የህንድ ውቅያኖስን ብትጨምሩትማ ራሱን የቻለ ፅሁፍ ይወጣዋል። ሞንሱን የሚባለው ንፋስ ግማሽ ዓመት ወዲህ ግማሽ ዓመት ወዲያ ስለሚነፍስ መርከበኛው ንፋሱ እስኪዞርለት ወራት መቀመጥ ግዴታው ነበር፣ በዚህ መሃል ያገባል፣ ይወልዳል፣ ከአማቶቹ ጋር ይለምዳል፣ መስጊድ ይሰራል። የምስራቅ አፍሪካው ስዋሂሊ ቋንቋ ሰዋስዉ ባንቱ (የአፍሪካ ቋንቋዎች ቤተሰብ) ሆኖ ስሙ ራሱ «የባህር ዳርቻዎች» ከሚለው የአረብኛ ቃል መምጣቱ ከዚሁ ኑሮ ነው። ኢንዶኔዥያም እስልምና በብዛት የገባው በነጋዴ እንጂ በወራሪ ጦር አይደለም።

እና እባካችሁ በዚሁ ጉዳይ ስትመለሱበት ከሸቀጡ ቀነስ አድርጋችሁ ለሰዎቹ ቦታ ስጡልን፣ ቢቻል የዋሻ 45ን ስዕል ሰፋ አድርጋችሁ አትሙት፣ የነጋዴዎቹ ፊት በደንብ እንዲታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ