በሽታውና የተሠራው ሕክምና ለየብቻ ይመዝገቡ፦ ስለ ፕሮሲጀር ኮድ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ ለምትገኙ የክሊኒክ ደንበኞቻችን

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። በመጪው የሶፍትዌር ማሻሻያ በእያንዳንዱ ታካሚ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ላይ «ፕሮሲጀር»፣ ማለትም ባለሙያው በእጁ የሠራው ሕክምና የሚመዘገብበት አዲስ ገጽ ይጨመራል። ብዙዎቻችሁ «በሽታው በኮድ ተመዝግቦ፣ የተደረገው ሕክምና በማስታወሻው ውስጥ ተጽፎ እያለ ሌላ መሙያ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። በገበያ ቀን በር ድረስ ወረፋ ይዞ ለሚሠራ ክሊኒክ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ምክንያታችንን ዘርዘር አድርገን እናስረዳለን።

ትርፍ አንጀቱ ከዓመታት በፊት በኦፕራሲዮን የወጣለት ወጣት በሌላ ሕመም ወደ እናንተ መጣ እንበል። መዝጋቢው የቀድሞ ታሪኩን መያዝ ይፈልጋል፤ ያለው ግን የበሽታዎች ዝርዝር ብቻ ስለሆነ «የትርፍ አንጀት ብግነት» የሚለውን ይመርጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሰውዬው ትርፍ አንጀቱን የታመመ መሆኑን ነው። በወሩ ሪፖርት ላይ አዲስ ታማሚ ሆኖ ይቆጠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀኝ ሆዱን ይዞ ሌሊት ቢመጣ፣ ተረኛው ሐኪም ካርዱ ላይ በሽታውን ያያል፤ አንጀቱ ወጥቶ መጣሉን የሚነግረው ግን የለም።

የችግሩ ሥር ያለው ዝርዝሮቹ በተሠሩበት ዓላማ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይ ሲ ዲ የተዘጋጀው በሽታንና የሞት መንስኤን ለመመደብ ነው። አሥረኛው እትም በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጸደቀ፤ አሥራ አንደኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ በእጃቸው የሠሩት ሥራ ግን በሽታ አይደለም። ለዚህ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ1987 የዓለም የቤተሰብ ሐኪሞች ማኅበር፣ ዎንካ፣ ባሳተመው አይ ሲ ፒ ሲ ውስጥ አገኘነው። ይህ ምደባ ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የታሰበ በመሆኑ የታካሚውን ቅሬታ፣ በሽታውንና የተደረገለትን ነገር በአንድነት ይይዛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አካልና ሥርዓቶቹ በ17 ምዕራፎች ተከፍለው እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል አላቸው፦ ዲ ለምግብ መፍጫ፣ ኤስ ለቆዳ፣ ኤች ለጆሮ፣ ኤል ለአጥንትና ጡንቻ። ፊደሉን የሚከተለው ቁጥር በሽታውን ወይም የተሠራውን ሥራ ይናገራል። ከሥራዎቹ ውስጥ 51 መብጣትና ማጠብ፣ 52 ቆርጦ ማውጣት፣ 54 ስፌትና ጀሶ፣ 56 ቁስል ማሸግ ነው። ድሬሲንግ ክፍል ያለች ነርስ የተቆረጠ እጅ ስትሰፋ ኤስ 54፣ እባጭ ስትበጣ ኤስ 51፣ ጆሮ ስታጥብ ኤች 51 ትላለች። የቅድሙ ወጣት በሽታ ዲ 88 ነበር፤ የተሠራለት ሥራ ደግሞ ዲ 52 ነው። ሁለቱ በተለያየ ገጽ ሲቀመጡ ሌሊት የሚገባው ሐኪም አይሳሳትም።

ዲ 52 ከሆድ ዕቃ ምን እንደወጣ ለይቶ እንደማይናገር እናውቃለን፤ ስለዚህ ከኮዱ ጎን «ትርፍ አንጀት» ብላችሁ የምትጽፉበት አጭር ቦታ አለ፤ ባዶ አትተዉት። ከዚህ የጠለቀ ዝርዝር በሌላው ዓለም አለ። በብሪታንያ ጄምስ ሪድ የተባሉ የቤተሰብ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት የኮድ ሥራ በኋላ ከአሜሪካ ዝርዝር ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ስኖሜድ ሲቲ ተባለ፤ እዚያ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ለብቻው የራሱ ቁጥር አለው። እኛ ግን በአንድ ሐኪምና በሁለት ነርስ ለሚሠራ ክሊኒክ፣ በሳምንት ውስጥ ከአእምሮ የሚገባው ዝርዝር ይሻላል ብለን ወስነናል።

አሁን ከኮዱ ይልቅ አብዝታችሁ እንድታስቡበት ወደምንፈልገው እንለፍ። አንድ ፕሮሲጀር መቼ፣ የት፣ በየትኛው ጎን እንደተሠራ ካልታወቀ ኮዱ ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው። በትራኮማ ምክንያት የዓይን ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ የታጠፈባት እናት ኦፕራሲዮን ተደርጎላታል ቢባል፣ የቀኙ ነው የግራው? የላይኛው ቆብ ነው የታችኛው? ሽፋሽፍቱ ከኦፕራሲዮን በኋላም ተመልሶ ሊታጠፍ ስለሚችል፣ ዛሬ የሚቆረቁራት ያው የተሠራው ዓይን መሆን አለመሆኑ ሕክምናዋን ይለውጠዋል። ስለዚህ የዓይን፣ የጆሮና የእጅ እግር ፕሮሲጀር ስትመርጡ ጎኑን ካልነገራችሁት ሶፍትዌሩ አይዘጋም።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። የማኅፀን ጠባሳ ያላት ሴት ቀጣዩን ልጇን ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚቻልበት ቦታ መውለድ አለባት፤ ለክትትል ስትመጣ አዋላጇ ይህን ከካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማየት ይኖርባታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ካርዳቸው ተበታትኗል። ለብዙ እናቶች የቀረው ማስረጃ ፌስታል ውስጥ ተጣጥፎ የኖረ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ የመውጫ ወረቀት ነው፤ እሱም የሌላቸው አሉ። ወረቀቱን ስታዩ እዚያው መዝግቡት፤ ወረቀት ከሌለም ቃሏን ተቀብላችሁ «ታካሚዋ እንደተናገረችው» የሚለውን ምልክት አድርጉ።

የቀኑ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። ሰው «ለጥምቀት ሰሞን ነበር»፣ «ከዓምናው ረመዳን ቀደም ብሎ» ይላችኋል። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዟዟር ዓመተ ምሕረቱን አጣርታችሁ ጠይቁ። አዲሱ ገጽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱን ብቻ፣ ወይም ወሩንና ዓመቱን ይቀበላል። ቀኑ ካልታወቀ መስከረም 1 ብሎ መሙላት ይቅር፤ እንዲህ ሲሞላ የክሊኒኩ ታካሚ ግማሹ በእንቁጣጣሽ ዕለት ኦፕራሲዮን የተደረገ ይመስላል።

ሁኔታውንም ለዩ። ዛሬ እዚህ የተሠራ አለ፤ ቀድሞ ሌላ ቦታ የተሠራ አለ፤ ሪፈር የተጻፈበት ገና ያልተሠራ አለ። ሪፈር መጻፍ ኦፕራሲዮን ማድረግ አይደለም፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ በ«ይጠበቃል» ይቀመጥ። ክንድ ላይ የሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያም እንዲሁ ነው። ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት የሚያገለግል ነው፤ ማስገባቱና ማውጣቱ ተለይተው ሲመዘገቡ ኮምፒውተሩ በዚህ ወር ጊዜያቸው የሚያልቅ እናቶችን ስም ያወጣላችኋል። ሁሉም «የቤተሰብ ዕቅድ» በሚል አንድ ኮድ ከተጠቀለለ ይህ ዝርዝር አይወጣም።

ኮዱን ከሒሳብ መጠየቂያው ጋር እንድናያይዝላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ይህን አላደረግንም፤ ወደፊትም የምናደርገው አይመስለንም። ኮድ ለክፍያ ሲባል በሚመረጥበት ቦታ የሚያስከፍለው ይመረጣል፤ እውነቱ ይቀራል፤ የሚጎዳውም በሌላ ቀን ሌላ ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ታካሚ ነው። የደረሰኝ ገጹ እንደ ቀድሞው ለብቻው ይሠራል።

የቆዩት ማስታወሻዎቻችሁ ራሳቸው ወደ ኮድ አይለወጡም። ማስታወሻዎቹ ውስጥ «ኦፕራሲዮን» የሚለውን ቃል ፈልጎ ማውጣት ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ «ተደርጎላታል»ን ከ«ያስፈልጋታል» ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሰው ሕይወት ላይ በግምት አንጽፍም። ታካሚው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ጠይቃችሁ መመዝገብ ይበቃል። መዝጋቢው ደግሞ ሥራውን የሠራው ራሱ ባለሙያው ይሁን፤ ማታ ካርድ ክፍል ተሰብስቦ የሚሞላ ኮድ ጎኑንም ሰዓቱንም ይስታል።

ማሻሻያውን ለመጫን ባልደረባችን በየክሊኒካችሁ ይመጣል፤ የድሬሲንግ ክፍልና የእናቶች ክፍል ባለሙያዎች አብረውት የሚቀመጡበት ጊዜ አመቻቹልን። እስከዚያው ክሊኒካችሁ አዘውትሮ የሚሠራቸውን ፕሮሲጀሮች በወረቀት ዘርዝራችሁ አቆዩን፤ በየገጹ ራስ የሚወጣውን አጭር ዝርዝር የምናዘጋጀው ከዚያ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ባልደረቦች፣ ደሴ