ለአሰብ የሰጣችሁንን ቀብድ ለምን መለስን?

ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? «የአሰብ ወደብ ሊከፈት ነው» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ፣ ዕቃችሁን በጭነት መኪኖቻችን ከአሰብ እንድናመጣላችሁ ያስያዛችሁትን ቀብድ መመለሳችን፣ በዚያው ሰሞንም የጅቡቲውን ታሪፍ 12 በመቶ መጨመራችን ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ሰምተናል። አስቀድመን ሳናማክራችሁ በስልክ መልእክት ብቻ ማሳወቃችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ያው ነው። «ሌላው አጓጓዥ ቀብድ እየተቀበለ እናንተን ምን ነካችሁ?» ላላችሁን ግን መልስ አለብን።

በራችን ላይ የሚያልፈውን አስፋልት ትልልቆቹ ዛሬም የአሰብ መንገድ ይሉታል። እስከ 1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብ ዕቃ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አድርጎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ነበር የሚመጣልን። መስከረም 1 ቀን 2011 ወደ ኤርትራ የሚያሻግሩት የድንበር በሮች፣ በአሰብ መንገድ ያለው ቡሬና ዛላምበሳ፣ ሲከፈቱ እኛም ከማንም በላይ ደስ ብሎን ነበር። ዛላምበሳ ታኅሣሥ ላይ፣ ቡሬ ደግሞ ሚያዝያ ላይ በኤርትራ በኩል ተዘጉ። የጉምሩክና የምንዛሪ ደንብ ሳይበጅ ሰዉና መኪናው ቀድሞ ስለገባ፣ ሲዘጋ ነጋዴው ይዞት የሚከራከርበት ወረቀት እንኳ አልነበረውም።

አሁን ወሬ ብቻ ይዘን ቀብድ ብንቀበል ምን ይሆናል? ኮንቴይነሩ የእናንተ አይደለም፣ የመርከብ ድርጅቱ ነው። ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ባዶውን በተሰጠው ቀን ወደ ወደቡ መመለስ ግዴታ ነው፤ ቀኑ ካለፈ የመዘግየት ክፍያ በየዕለቱ በዶላር ይቆጠራል። ኮንቴይነሩ ደብረ ብርሃን ሲራገፍ ቡሬ ቢዘጋ ባዶውን የት እናደርሰዋለን? ለኮንቴይነሩ ያስያዛችሁት ገንዘብም ይቀራል፣ ዕዳውም በእናንተ ስም ይጻፋል። መኪናው ወዲያ ማዶ እያለ ከተዘጋ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱም እዚያው ይቀራሉ። በሰው ልጅ እንዲህ አንጫወትም።

አሰብ ቅርብ ነው የምትሉም አላችሁ። ከአዲስ አበባ አሰብ 880፣ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል 910 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእኛ ከተማ በኮምቦልቻና በሚሌ ብንወርድ ሁለቱም መንገዶች ሰመራን አልፈው እስኪለያዩ ድረስ አንድ ናቸው። አሰብ ቢከፈት ጥቅሙ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ወደቦቹ ለዋጋ መወዳደራቸው ነው። እሱን እኛም እንመኛለን።

የጅቡቲው ታሪፍ ጭማሪ ከቀብዱ ጋር አይገናኝም። አንድ መኪና ከነተሳቢው 22 ጎማ አለው፤ ጎማው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጎማውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ነዳጁም አለ። 400 ኩንታል የጫነ መኪና ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ነው፤ ጉም ከወረደ ደግሞ እዚያ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሲመለስ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ያግለዋል። መኪናውን በሞተሩ ጉልበት የሚይዘውን ሞተር ፍሬን ትቶ በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ደብረ ሲና ሳይደርስ የፍሬኑ ሸራ ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ስለዚህ የፍሬን ሸራ ሳያልቅ እንቀይራለን፤ ይህንን ወጪ ቀንሰን ታሪፍ ማርከስ እንችል ነበር፣ አላደረግነውም። የእናንተን ንብረት የተሸከመው እኮ ያው ፍሬን ነው።

የመዘገብነውን የአሰብ ጭነት ተራችሁን አልሰረዝነውም። ድንበሩ በይፋ ተከፍቶ ዕቃ ድንበር የሚያልፍበት የትራንዚት ደንብ ሲወጣና ባዶ ኮንቴይነር የሚመለስበት መንገድ ሲታወቅ፣ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል እንደውላለን። እስከዚያ የጅቡቲ ጭነታችሁን ከእኛ እንዳታርቁብን አደራ እንላለን። ቀብዳችሁን ያልወሰዳችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ቢሮ ብቅ በሉ፤ ደረሰኝ የጠፋባችሁም ኑ፣ መዝገቡ ላይ ስማችሁ አለ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት