«ታይቷል» ያልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ንባብና ጽሕፈት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ እኛ ጋ ያላየ የለም፣ ስታፍ ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የዋለው። የኔ ነገር ከፎቶዋ ጋር ነው። ያቺ የደብተር ገጽ፣ ከታች በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ተብሎ የተፈረመባት። ከሥሯ ደሞ «መምህሩ ድርሰቱን ሳያነብ ፈርሞ መልሶታል» ብላችኋል። ፊርማዋን ገና ሳያት አወቅኳት። የኔ ናት።

እንግዲህ ከሳሽና ተከሳሽ ከተገናኘን እናውራ።

አዎ፣ አላነበብኩትም። አንብቤዋለሁ ብዬ አልዋሽም። 9ኛ ክፍል አምስት ሰክሽን ነው የማስተምረው፣ በየክፍሉ 64 ተማሪ፣ ሲደመር 320። አንዱን ድርሰት በአራት ደቂቃ ላንብብ ብል (አራት ደቂቃ የልጆቹን የእጅ ጽሑፍ ለመለየት ነው እንጂ ለማረም አይበቃም) 1,280 ደቂቃ ይመጣል፣ ከ21 ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ለአንድ ዙር ብቻ፣ ማስተማሩ ሳይቆጠር። ልጅ ደሞ መጻፍ የሚማረው ጽፎ፣ ታርሞለት፣ እንደገና ሲጽፈው ስለሆነ እጥፍ አርጉት። ዘጋቢያችሁ ርዕሰ መምህር አናግሯል፣ የቢሮ ኃላፊ አናግሯል፣ «ባለሙያ» አናግሯል፣ አንድ የአማርኛ መምህር ግን ለወሬ ነጋሪ እንኳ አላናገረም። እኔን፣ 19 ዓመት ያስተማርኩትን፣ ስታፍ በር ላይ አልፎኝ ነው የሄደው፣ እኔ እንደውም ወላጅ መስሎኝ «ግቡ» ብዬዋለሁ።

«ታይቷል» ለማን እንደሚጻፍ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ለተማሪው አይደለም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «ደብተር ይታረማል ወይ?» ብሎ ሦስት አራት ደብተር ያነሳል፣ ቀይ ካየ ቅጹ ላይ ራይት ያረጋል ይሄዳል። እኔ ደብተሩን አየሁ እላለሁ፣ እሱ ማየቴን ያያል፣ የተጻፈውን የሚያነብ ግን በመሃል የለም። ቀዩን እስክሪብቶ ደሞ ከኪሴ ነው የምገዛው፣ እሱን አትጻፉት ግድ የለም።

ከዛ «የቅኔዋ ጎንደር ምን ነካት» የምትል ነገር አለችላችሁ። እንዴት ያለች ናት! መጀመሪያ ነገር ቅኔ ጎንደርም ይዘረፋል፣ ግን ከተማዋ ስሟ የሚጠራው በአቋቋሙ (በዝማሬና በሽብሸባው ትምህርት) እና በመጻሕፍት ትርጓሜው ነው፣ ለቅኔማ የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ይጠሩ፣ የጎጃም ሰዎች ዘገባውን ካዩት ስቀውባችኋል። እሺ ይሁን፣ ቅኔ ቤቱን ካነሳችሁት ግን እስከ መጨረሻው እናንሳው። ተማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ ያዘጋጀውን ቅኔ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታ ቃል በቃል ይሰማሉ፣ የተበላሸውን ያቃናሉ፣ ነገ ደሞ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ ቅኔ ሁለት ቤት ናት፣ ለሁለት መስመር እንኳ መምህሩ ጆሮ ሰጥቶ ይሰማል። የኔታን በ40 ደቂቃ 64 ተማሪ ስሙ በሏቸውና ምን እንደሚሏችሁ ንገሩኝ። ያመጣችሁት ምሳሌ ለኔ ነው የመሰከረው።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውንም ለ«መጻፍ አለመቻል» ማስረጃ አርጋችሁታል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ያሳፍራልም። ግን ፈተናው ላይ ተማሪው የሚጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር የለም፣ ምርጫ ነው፣ ያኔ በእርሳስ ክብ ማጥቆር ነበር። አማርኛ ራሱ ከፈተናው የለም። እንግዲህ ልጁ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብዬ ሳስተምረው «ቲቸር ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?» ይለኛል፣ ምን ልበለው? አይመጣም። እሺ ብሎ የፊዚክስ ሺቱን ከዴስክ ስር ያወጣል። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማረገው።

ቲክቶክ ነው ያበላሻቸው ለምትሏት አንድ ነገር ብቻ ልበል። 2016ን አብዛኛውን የሞባይል ዳታ አልነበረንም፣ ክልሉ በሙሉ። ቲክቶክ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው ጠፍቶ ነበር፣ እና በእናንተ ሂሳብ ያን ዓመት ሁሉም ደራሲ ሆኖ መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን «አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለ» መባል ነው፣ ዳታ ለሌለው ሰው።

አሁን ወደ ፎቶዋ ልመለስ። ማታ ቤት ገብቼ በስልኬ አጉልቼ ድርሰቱን አነበብኩት፣ ከናንተ ገጽ ላይ፣ ቀድሞ እጄ ላይ የነበረውን። ልጁ ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ አጥር ጥግ ሃይላንድ ሲሸጥ ስለዋለበት ነው የጻፈው። ቃሉ ይደጋገማል፣ ነጠላ ሰረዝ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ግን አራተኛው መስመር ላይ «ሰው ሁሉ ውሃ እስኪረጭበት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል እኔ የያዝኩትን ውሃ ግን ማንም አልገዛኝም» ይላል። የ15 ዓመት ልጅ ነው። እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው «ታይቷል» ብዬ የፈረምኩት፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን እናንተስ? ገጹን ፎቶ አንስታችሁ፣ ስለዚሁ ገጽ ጽፋችሁ፣ ልጁ ምን እንዳለ አንድ ቃል አላነሳችሁም። ፎቶ አንሺው አየው፣ ዘጋቢው አየው፣ አንተም አዘጋጁ አየኸው፣ አሳለፍከው። ይሄ ምን ይባላል በናታችሁ?

ሰኞ ልጁን ጠርቼ ቁጭ ብለን አረምነው። ያቺን መስመር መግቢያ አርጋት አልኩት፣ የጥምቀትን ታሪክ የሚተርከውን አንደኛውን አንቀጽ ሰርዘው አልኩት፣ ቅር አለው፣ ከመጽሐፍ ገልብጦ ለፍቶበት ነበር። እስከ ሐሙስ ጽፎ ያመጣል። የቀሩት 319 ግን እዛው ናቸው።

ሌላው፣ ገጹ አናት ላይ የልጁ ስም ከነአባቱ፣ ከነሰክሽኑ ይነበባል። ክፍል ውስጥ «ታይቷል» የሚል ቅጽል አውጥተውለታል። እርማት ማውጣቱን እንደፈቀዳችሁ፣ ስሙን ግን ዛሬውኑ ሸፍኑለት።

የ9ኛ ክፍል አማርኛ መምህር፣ ከጎንደር