ፔት ስካን ሁሉን አያይም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የማህፀንና የማህፀን በር ካንሰርን በምስል ስለሚያጠና ተመራማሪ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን አንባቢው ፔት ስካን ምንም አያመልጠውም ብሎ እንዲያምን ያደርጋል።

መሣሪያው የሚያሳየው በመርፌ የተሰጠውን ራዲዮአክቲቭ ስኳር አብዝቶ የሚወስደውን የሰውነት ክፍል ነው። ካንሰር ይወስዳል፣ የተቆጣ ንፍፊትም ይወስዳል። በወር አበባ ሰሞን ጤነኛ ማህፀን እንኳ ሊበራ ይችላል። በተቃራኒው ንፍፊት ውስጥ ያለ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ስርጭት ሳይታይ ያልፋል። ስኳሩ በሽንት ስለሚወጣ የሞላ ፊኛ አጠገቡ ያለውን የማህፀን በር ይጋርዳል፤ ታካሚዋ ምስሉ ሊነሳ ሲል ሽንቷን መሽናት አለባት። ከመርፌው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓታት ያህል መጾም፣ ከዚያም 60 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ማረፍ ያስፈልጋል። የደም ስኳር ከፍ ካለ ቸኩሎ ፈጣን ኢንሱሊን መስጠት ነገሩን ያብሳል፤ ራዲዮአክቲቭ ስኳሩን ወደ ጡንቻ ይነዳዋል።

ዕጢው ከማህፀን በር አልፎ ዙሪያውን መንካቱን ለማየት የሚሻለው በማግኔት የሚሠራው የምስል ምርመራ ኤምአርአይ ነው፤ ያውም ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆኑ ስስ ምስሎች ከማህፀን በሩ ቦይ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ሲነሱ። በደፈናው አግድም የተነሳ ምስል ያልወጣውን ዕጢ ወጥቷል ያስብላል።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፊጎ (ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) ለማህፀን በር ካንሰር ያወጣው የደረጃ አሰጣጥ በምስል የታየ የንፍፊት ስርጭትን ይቀበላል፦ ስርጭቱ ዳሌ ውስጥ ከሆነ ደረጃ 3ሲ1፣ በትልቁ የደም ቧንቧ በአኦርታ ዙሪያ ከሆነ ደረጃ 3ሲ2። በምስል ብቻ ከታወቀ «አር» የሚል ፊደል ይታከላል። ፊደሉ ከተዘለለ ሐኪሙ ስርጭቱ በናሙና የተረጋገጠ ሊመስለው ይችላል።

የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች