የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘንድሮ፦ አባዱላዋ ላይ ጂፒኤስ ገጠምን

የክበባት ዘገባ ሲባል ሰው የሚጠብቀው ችግኝ ተከላ፣ ጥያቄና መልስ፣ የወላጆች ቀን ምናምን ነው፣ እኛም ጥያቄና መልሱ ላይ ተሳትፈናል፣ የላብራቶሪውን የተበላሹ ማከፋፈያዎችም ጠግነናል። ግን እውነቱን ለመናገር የክበቡ ልጆች ረቡዕ ከሰዓትን ያሳለፉት የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ አባዱላ ዳሽቦርድ ስር ተጎንብሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ወላጅ አሜሪካ እያሉ ይጠቀሙበት የነበረ ጋርሚን የሚባል የመኪና ጂፒኤስ ለክበቡ ሲሰጡን ነው። ውስጡ ያለው የሰሜን አሜሪካ ካርታ ብቻ ስለነበር ግቢ ውስጥ ስናበራው ስክሪኑ ላይ አንድም መንገድ የለም፣ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ናቸው ከኦፕን ስትሪት ማፕ፣ ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ የተሰራ ነጻ የኢትዮጵያ ካርታ አውርደው ሚሞሪ ካርድ ላይ የጫኑልን። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ሰክቶ መጠቀም ይቻል ነበር፣ ግን ሹፌራችን ጋሼ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት እዛ ነው፣ ገመዱም ማርሹ ላይ ይንጠለጠላል፣ ኮብልስቶን ላይ ደሞ ሶኬቱ እየላላ ይጠፋል። ስለዚህ ከመኪናው መስመር በቀጥታ ይገጠም ተባለ።

ገና በመጀመሪያው ቀን አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ ፒንሳ ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ሶኬቱን ቆርጠን ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር ብናገናኘው አያልቅም?» አለኝ። ቆርጠህ አይደለም፣ ከፍተህ እየው አልኩት። በካቻቢቴ ሲከፍተው ውስጡ ትንሽዬ ቦርድ አለች፣ እሷ ናት የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የምታወርደው። መሳሪያው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፣ ቦርዷን ቆርጦ ጥሎ 12ቱን በቀጥታ መስጠት ማለት ጂፒኤሱን ማቃጠል ማለት ነው። ደሞ 12 ሲባል 12 ብቻ አይደለም፣ ልጆቹ በቴስተር ሲለኩት ሞተሩ ጠፍቶ 12.5 አካባቢ ነበር፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ወደ 10 ወረደ፣ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲጀምር ከ14 በላይ ወጣ። ይሄን ቁጥር በመጽሐፍ ብነግራቸው ማንም አያስታውሰውም ነበር፣ ቴስተሩ ላይ ሲወርድና ሲወጣ ካዩ በኋላ ግን ለሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀር ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

ትልቁ ክርክር የነበረው ኃይሉን ከየት እንውሰድ የሚለው ነው። ጎበዞቹ በቀጥታ ከባትሪ ይሁን አሉ፣ ሁሌም ስለሚሰራ። እሺ አስሉት አልኳቸው። ቦርዷን ጨምሮ የሚስበው ግማሽ አምፔር ገደማ ነው፣ አባዱላዋ አርብ 11 ሰዓት ቆማ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የምትነሳው፣ 61 ሰዓት ማለት ነው። በግማሽ አምፔር ሲባዛ 30 አምፔር አወር ወጣ፣ ባትሪው ላይ የተጻፈው 70 ነው። ግማሹ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የናፍጣ ሞተር በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ግማሽ ባትሪ ይዛችሁ አስነሱ ስላቸው ሳቁ፣ ክርክሩም እዛው አለቀ።

ከዛ ፊውዝ ሳጥኑን ከፍተን እያንዳንዱን ፊውዝ መለካት ነው፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ አንደኛው ደረጃ ላይ ሆኖ፣ ኦን ላይ ሆኖ፣ ሞተሪኖ ሲዞር። ሴቶቹ ልጆች ይሄን በሰንጠረዥ አርገው ያስቀመጡት ወረቀት አሁንም ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ አለ፣ ከኔ ሌሰን ፕላን በላይ ንጹህ ነው። የውስጥ መብራቱ ሁሌም ኃይል አለው፣ የሲጋራ ማቀጣጠያው ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ሞተሪኖ ሲዞር ደሞ ለአፍታ ይቋረጣል። መኪናው በሚነሳ ቁጥር ጂፒኤሱ ብልጭ ብሎ ለምን እንደሚጠፋ የገባን ያኔ ነው፣ ብልሽት አይደለም፣ ሞተሪኖው ኃይሉን ለብቻው እንዲያገኝ ተብሎ እንዲህ የተሰራ ነው። ከማቀጣጠያው መስመር ለመውሰድ ተስማማን።

ብዙ ጋራዥ የሚሰራውን ታውቃላችሁ፣ የፊውዙ እግር ላይ ሽቦ ጠቅልሎ መልሶ መሰካት፣ ከዛ በናስትሮ መሸፈን። እኔ ይሄን ክበቡ ውስጥ አልፈቅድም። ሱማሌ ተራ ሄደን ፊውዙ ቦታ ላይ የሚሰካ ለሁለተኛ ፊውዝ ማስቀመጫ ያለው ቅርንጫፍ ገዛን፣ ያንን ያህል ውድም አይደለም፣ ለኛ መስመር የ2 አምፔር ፊውዝ አደረግንለት። ለምን 15 አይሆንም ለሚሉ፦ የኛ ሽቦ ቀጭን ነው፣ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ቢነካ 15ቱ ፊውዝ ከመቃጠሉ በፊት ሽቦው ይግላል፣ ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና ውስጥ ደሞ የሚቀልጥ ሽቦ አልፈልግም።

ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ ቀላል መስሏቸው ነበር። ቀለም የተቀባ ብሎን ስር አሰሩትና ጂፒኤሱ አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው ሲያስሩት ተስተካከለ። ሳልዳቱራውን ሲሰሩ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን ነው፣ መጀመሪያ ኔጌቲቭ ይፈታል፣ ሲታሰር መጨረሻ።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ አንዳንዶቹ ቶሎ ቦታውን ካላሳየ ብለው ተበሳጩ። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ መረጃ የሚልኩት በሴኮንድ 50 ቢት ነው፣ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ መሳሪያ የሁሉንም ሳተላይቶች መረጃ ጨርሶ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። ዘመኑ የስልክ ኢንተርኔት ያስለመዳቸው ልጆች ናቸውና ሰማይ ስር አስቁሜ አስጠበቅኳቸው። ቢያንስ አራት ሳተላይት ሲያገኝ ግቢያችንን አሳየ፣ ጭብጨባ።

ጋሼ እስካሁን ብዙም አልተደነቁም። በኮሪደር ልማቱ መንገዱ የተቀየረበት ጋ ጂፒኤሱ አሮጌውን መንገድ ያሳያል፣ እሳቸው ደሞ «ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ» ይላሉ። የ11ኛ ክፍሎቹ አሁን እነዚህን መንገዶች ራሳቸው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ እያረሙ ነው፣ ክረምቱን ይቀጥላሉ።

ለሚቀጥለው ዓመት የኋላ ካሜራ ልንገጥም አስበናል፣ የሪቨርስ መብራቱን መስመር ማግኘት ስለሆነ ከዘንድሮው ይቀላል። የቸገረን ቴስተር ነው፣ አንድ ብቻ ነው ያለን፣ ቤቱ የማይጠቀምበት ያለው ወላጅ ቢሰጠን ደስ ይለናል። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ መስከረም ላይ ፊዚክስ ላብራቶሪ ይምጣ፣ 9ኛ ክፍልም ይችላል።