ለማኅበራችን አባላት፦ ስለ ቢሮው አዲስ ስልክ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ፒያሳ ላለው ቢሯችን ሁለት ሻጮች የስልክ ዋጋ አቅርበዋል። ሁለቱም የሚሸጡት በኢንተርኔት የሚሠራውን ነው። ዋጋውን ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ታዩታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ መብራት እናውራ።

የድሮው የመስመር ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ሽቦ ነው፤ 48 ቮልት ያህል ከቴሌ ጣቢያ ይመጣለታል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የኢንተርኔት ስልክ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ስልኩም፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኙት ራውተሩና ስዊቹም። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያልተካተተበት ዋጋ ለእኔ ሙሉ ዋጋ አይደለም። አንደኛው ሻጭ ጭራሽ አላነሳውም! በጥምቀት ሰሞን ደውሎ መልስ ያጣ እንግዳ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ኢንተርኔቱ ብዙም አያሳስብም። አንድ ጥሪ በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ያህል ይበቃዋል። አምስት ሰው በአንዴ ቢያወራ ግማሽ ሜጋ ቢት ነው። ችግሩ መዘግየቱ ላይ ነው። ድምፅ ከተናጋሪው እስከ ሰሚው ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከቆየ ሰው አንዱ በሌላው ላይ ማውራት ይጀምራል። ስለዚህ ሻጮቹ መሣሪያውን አምጥተው፣ ሁላችንም ኢንተርኔት ላይ ባለንበት ሰዓት ይሞክሩልን።

በ058 የሚጀምረው ቁጥራችን እንዳለ መቀጠሉንም በጽሑፍ ያረጋግጡልን። ደንበኛ የሚያውቀን በሱ ነው።

«ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚለው ነገር ለሦስት ጠረጴዛ ቢሮ ይቅርብን ባይ ነኝ። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

የቢሮው ጸሐፊ