የተጠራው መድረክ ላይ የቆመው ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር ወጣት ክርስቲያን ነኝ። በየቸርቹ የሚባል አንድ ነገር ከነከነኝ። ዘማሪው በእግዚአብሔር ተጠርቷል፣ ሰባኪው ተጠርቷል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የታክሲ ሰልፍ ይዘን ቢሮ የምንገባው ግን አስራት ለመክፈል ብቻ የተፈጠርን ይመስላል።

ጳውሎስ እኮ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። በዘጸአት 31 የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤልም ወርቅና ብር የሚሠራ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለሙያ ነው። የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ይቺን ምዕራፍ ያውቋት ይሆን?

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አለቃህ ለገቢዎች የሚታይ አንድ መዝገብ፣ ለራሱ ደግሞ ሌላ መዝገብ አዘጋጅ ሲልህ፣ እምቢ ብትል የቤት ኪራይህን ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ፣ ያኔ ምን ታደርጋለህ? ስለዚህ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ዓላማ ግን ኮንፈረንሱ አያልቅም።

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ተመራቂም «ራዕይህ ምንድነው?» ሲባል ግራ ይገባዋል። መጀመሪያ እንጀራ ነዋ! የተገኘውን ሥራ ይዞ በታማኝነት ቢጀምር ምን ችግር አለው?

ደግሞ «ለጌታ ብለህ ነው» እያሉ ደመወዝ የሚቆርጡ አማኝ አሠሪዎችም አሉ። እነሱም የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረትን የሚወቅሰውን ያዕቆብ 5፥4ን ያንብቡልን።

መጋቢዎቻችንን የምለምነው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ እሁድ ማይኩን ለነርሷ፣ ለሾፌሩ፣ ለገንዘብ ያዧ ስጡና ሥራ ቦታ ምን እንደሚገጥማቸው ይንገሩን።

አንባቢያችሁ፣ ከሜክሲኮ